ኤድዋርድ ሊር፦ በቀቀን ሲሥል አድጎ ነንሰንስ የጻፈው ሰው

ወንፊት_ላይ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት ስለ ኤድዋርድ ሊር እንድናወራ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ እንግሊዛዊ ነው። ትርጉም አልባ በሚመስሉ አስቂኝ ግጥሞቹ ይታወቃል። እነሱ «ነንሰንስ» ይሉታል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ስለዚህ ሰው የሚጻፈው ነገር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሰውን ሲያስቅ ውሎ ለብቻው የሚያለቅስ ሰው ተደርጎ ይቀርባል። ሐዘኑ እውነት ነው፤ አልክድም። ግን ታሪኩ በሐዘኑ ብቻ ሲነገር ሙያው ይጠፋል። ሊር ከሁሉ በፊት ወፍ ሣዪ ነበር። የሚያየውን ነገር በክንፉ ልክ፣ በጥፍሩ ልክ ወረቀት ላይ የሚያሰፍር። ነንሰንሱም የሚያስቀው ያ ጥንቃቄ ስላልተለየው ነው ብዬ አምናለሁ።

የተወለደው ሜይ 12 ቀን 1812 ለንደን፣ ሆሎዌይ ነው። ከ21 ልጆች 20ኛው እንደሆነ ይነገራል፤ ብዙዎቹ ገና በሕፃንነታቸው ሞተዋል። አባቱ የአክሲዮን ደላላ ነበር። ገንዘቡ ሲናጋ ቤቱም ተናጋ። ትንሹ ኤድዋርድ ለታላቅ እህቱ ለአን ተሰጠ። አን በ21 ዓመት ትበልጠዋለች። ያሳደገችው እሷ ናት። መደበኛ ትምህርት እምብዛም አልቀመሰም። ገና በ15 ዓመቱ ገደማ ሥዕል እየሸጠ ራሱን መቻል ጀመረ።

በ1830 የለንደኑ የእንስሳት ማኅበር ግቢ ገብቶ በቀቀኖችን እንዲሥል ፈቃድ አገኘ። ያኔ 18 ዓመቱ ነው! የዚያ ዘመን ወፍ ሣዮች አብዛኞቹ የሚሠሩት ሞቶ ገለባ ከተሞላ ቆዳ ላይ ነበር። ሊር በሕይወት ያለውን ወፍ መረጠ። ጠባቂው ወፉን ይይዝለታል፤ እሱ ክንፉንና እግሩን ይለካል። ስለዚህ የሊር በቀቀኖች ቀለማቸው ብቻ አይደለም የሚታየው። አንዱ ይኮራል፣ አንዱ ይሰለቻል፣ አንዱ በጥርጣሬ ያይሃል። 42 ሥዕሎችን በክፍል በክፍል እያሳተመ እስከ 1832 ቀጠለና ገንዘብ ሲያጥረው አቆመ።

ያ መጽሐፍ ገንዘብ ባያመጣለትም ሰው አመጣለት። በኋላ 13ኛው የዳርቢ መስፍን የሆኑት ሎርድ ስታንሊ ሊቨርፑል አጠገብ ኖውስሊ በተባለ ርስታቸው ብዙ እንስሳትና ወፎች ያረቡ ነበር። እነዚያን እንዲሥል ጠሩት። ቀን ቀን ለትልልቅ ሰዎቹ እንስሳ ይሥላል። በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ ለቤቱ ልጆች ባለ አምስት ስንኝ ቀልዶች ይጽፋል፣ ከሥራቸውም ሥዕል ያክልባቸዋል። ነንሰንሱ እዚያ ቤት ነው የጀመረው። በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀለም።

እናንተ ምን ታስባላችሁ?

---

የሌሊት_አንባቢ

ወንፊት ላይ፣ ይህን ክር ስለከፈትክ አመሰግናለሁ። ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ሐዘኑን ወደ ጎን ካደረግነው ግማሹን ሰው ነው ያስቀረነው።

ሊር ከአምስት ስድስት ዓመቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረበት። በዚያ ዘመን በሽታው እንደ ነውር ይታያል። ሰዎች ስለ አእምሮ መናወጥም ስለ ኃጢአትም ያወሩበት ነበር። እሱ «ጋኔኑ» ይለው ነበር። ሊመጣበት ሲል ስለሚታወቀው ቶሎ ብሎ ከሰው ገለል ይላል። በዚህ መንገድ ዕድሜ ልኩን ከወዳጆቹ ደብቆ ኖረ። በሽታው የጣለው ቀን በዲያሪው ላይ የ«ኤክስ» ምልክት ያደርጋል። ዲያሪዎቹ ከ1858 ጀምሮ ያሉት ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ስለሚገኙ ምልክቶቹ ዛሬም ይታያሉ። ከዚያ ሌላ አስም ነበረበት፤ ድባቴም ነበረበት።

አሁን ይህን ይዘህ «አፍንጫው የሚያበራው ዶንግ» የሚለውን ግጥም አንብበው። ዶንግ በወንፊት ተሳፍራ የመጣችን ልጅ ይወዳል። ልጅቷ ተመልሳ ትሄዳለች። እሱ ከዛፍ ልጣጭ ትልቅ አፍንጫ ሠርቶ ውስጡ መብራት ያስገባል። በየሌሊቱ ሜዳና ተራራውን ሲያስስ ያድራል። ልጆች ይስቁበታል። እኔ ግን መሳቅ ያቅተኛል። ይህን የጻፈ ሰው መፈለግ ምን እንደሆነ ያውቃል።

አላገባም። ኦገስታ ቤተል ለተባለች ወዳጁ የጋብቻ ጥያቄ ለማቅረብ ለዓመታት አስቦ ሳያቀርብ ቀረ። ይህ ሁሉ ግጥሙ ውስጥ አለ።

---

ቀለም_በጥብጥ

እኔ ሥራዬ ሥዕል ነው። ስለዚህ ከወንፊት ላይ ጋር ነኝ፤ ግን የሌሊት አንባቢ ያለችውንም ሳልጥል።

ስለ ቴክኒኩ ትንሽ ልበል። ሊር በቀቀኖቹን ያሳተመው በሊቶግራፍ ነው። በቅባት እርሳስ ለስላሳ ድንጋይ ላይ ይሣላል። ድንጋዩ ውኃ ሲጠጣ ቀለሙ የሚይዘው ቅባት ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ወረቀት ሲጫንበት ሥዕሉ ተገልብጦ ይወጣል። የመዳብ ቅርጽ ከሆነ ቀራጭ መሐል ይገባል። በሊቶግራፍ ግን የሠዓሊው የእጅ እንቅስቃሴ ራሱ ነው የሚታተመው። ሊር ድንጋዮቹን የሣለው በገዛ እጁ ነው። ቀለሙ ደግሞ ኋላ ላይ በእጅ ይቀባል። እያንዳንዷ ላባ የራሷ መስመር አላት። የ19 ዓመት ልጅ ሥራ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል።

አሁን ከዚያ ወደ ነንሰንስ ሥዕሎቹ ሂዱ። አምስት ስድስት መስመር፣ አለቀ። ሰውዬው ክንፍ እንዳለው ወፍ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ በጣቱ ጫፍ ይቆማል። ልብ ብላችሁ እዩ፤ ሰዎቹ ሁሉ ወፍ ወፍ ይላሉ! ወፎቹ ደግሞ ሰው ሰው። ወፍ እንዴት እንደሚቆም ጠንቅቆ ያላወቀ ሠዓሊ ይህን በአምስት መስመር አያመጣውም።

ሌላ ማስረጃ ልጨምር። በ1871 መጽሐፉ ውስጥ «የነንሰንስ ዕፅዋት» የሚባሉ ሥዕሎች አሉ። እያንዳንዱ ተክል እንደ ሳይንስ መጽሐፍ በላቲን መሰል ስም ተሰይሟል። «ሜኒፒፕሊያ አፕሳይዳውኒያ» የምትባለው አለች። ግንዷ እንደ ማንኛውም አበባ ጎንበስ ብሏል። እምቡጦቹ ግን ቁልቁል የተንጠለጠሉ ትንንሽ ሰዎች ናቸው። ግንዱ፣ ቅጠሉ፣ አቀማመጡ ሁሉ ትክክል ነው። የሚያስቀውም ለዚህ ነው። የተዝረከረከ ሥዕል ቢሆን ቀልዱ ይሞታል።

በነገራችን ላይ፣ በእሱ ስም የተሰየመ በቀቀን አለ። «የሊር ማካው» ይባላል፤ ሰማያዊ ነው። ስሙ የወጣለት በ1856 ነው። ወፉ ብራዚል ውስጥ በዱር የሚኖርበት ቦታ የታወቀው ግን በ1978 ነው። እስከዚያ ድረስ በሰው እጅ ከተያዙ ወፎችና ከሙዚየም ውጪ አይታወቅም ነበር።

---

ጥያቄ_አለኝ

ይቅርታ፣ ላስቀይም ፈልጌ አይደለም። ጥያቄዬን ከልቤ ነው የማነሣው። ትርጉም የሌለው ግጥም ምኑ ነው ግጥም? ስንኝ ገጥሞ ያስቃል፣ እሺ። ግን ሰው ከ150 ዓመት በኋላ ለምን ያነበዋል? ልጅን ለማስተኛት ከሆነ ይገባኛል። ከዚያ ያለፈ ምን አለው?

---

ወንፊት_ላይ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ ቅርጹን እንይ። ሊር የሚጽፈው ዛሬ ሊምሪክ የሚባለውን ነው። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አምስተኛው ስንኝ አንድ ቤት ይመታሉ። ሦስተኛውና አራተኛው አጠር ብለው የራሳቸውን ቤት ይመታሉ። የቅርጹ ፈጣሪ እሱ አይደለም። አንድ ወዳጁ ከሕፃናት መጽሐፍ ያለ አንድ የቶባጎ ሽማግሌ ግጥም አሳይቶት ወደደው። የእሱ የሆነው ግን መጨረሻው ነው። አብዛኞቹ ሊምሪኮች መጨረሻ ላይ ያልተጠበቀ ነገር ያፈነዳሉ። የሊር የመጨረሻ ስንኝ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሰውዬው እንደነበረ ሆኖ ይቀራል፤ አንድ እንግዳ ቅጽል ብቻ ይጨመርለታል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ድክመት ያየዋል። እኔ ደግሞ ትልቁ ነገሩ ይመስለኛል። ሰውዬውን ሊያስተካክለው አይሞክርም።

ሁለተኛው ነገር «እነሱ» ናቸው። ግጥሞቹ ውስጥ አንድ ለየት ያለ ሰው አለ፣ «እነሱ» የሚባሉ ስም የለሽ ሰዎችም አሉ። የዋይትሄቨኑ ሽማግሌ ከቁራ ጋር ይደንሳል። «እነሱ» ይህን ወፍ ማበረታታት የማይረባ ነገር ነው ይላሉ። ከዚያ ሽማግሌውን ይሰባብሩታል። አለቀ፤ ሌላ ምንም የለም። ሥዕሉን ስታየው ግን ሽማግሌውና ቁራው ፊት ለፊት ቆመው አንድ ዓይነት ሆነው ይደንሳሉ። ደስታ ነው። ቃሉ ስለ መሰባበር ያወራል፣ ሥዕሉ ስለ ዳንሱ። ሁለቱን አብረህ ስታነብ ነው ግጥሙ የሚሞላው።

ስለዚህ ትርጉም የለውም የሚባለው ትምህርት ስለማይሰጥ ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የልጆች መጽሐፍ በአብዛኛው ምክርና ተግሣጽ ነበር። ያጠፋ ልጅ ይቀጣል፣ ታዛዡ ይሸለማል። በ1846 የወጣው «የነንሰንስ መጽሐፍ» ማንንም አይመክርም። ሊር ስሙን እንኳ አላወጣበትም፤ «ዴሪ ዳውን ዴሪ» በሚል የብዕር ስም ነው ያሳተመው። በስሙ የወጣው የ1861ዱ ሰፋ ያለ እትም ነው።

---

የልጆች_መጽሐፍ

ለጥያቄ አለኝ አንድ ነገር ልጨምር። ለልጆች መጽሐፍ ማንበብ የዘወትር ሥራዬ ነው። ልጆች የሊርን ግጥም ሲሰሙ «ለምን?» ብለው አይጠይቁም። ትልልቆቹ ናቸው የሚጠይቁት። ልጆቹ የሚጠይቁት «ከዚያስ?» ብለው ነው። ጉጉትና ድመት በአረንጓዴ ጀልባ ይሳፈራሉ። ማርና በአምስት ፓውንድ ኖት የተጠቀለለ ገንዘብ ይይዛሉ። ቀለበት የላቸውም። ዓመት ከአንድ ቀን ይቀዝፋሉ። አንድ አሳማ አፍንጫው ላይ ያለውን ቀለበት በአንድ ሽልንግ ይሸጥላቸዋል። በማግሥቱ ይጋባሉ፤ ጨረቃ ስትወጣ ባሕሩ ዳር ይደንሳሉ። ጉጉት ድመትን ሲያገባ ማንም አልከለከላቸውም። «እነሱ» እዚህ ግጥም ውስጥ የሉም።

ይህን ግጥም በ1867 ካን ከተማ የጻፈው ታማ ለተኛች ሕፃን ነው። የወዳጁ የጸሐፊው ጆን አዲንግተን ሲሞንድስ ልጅ፣ ጃኔት። እኔ ይህን ሳስብ ሊር ለልጅ ያለው ክብር ይገርመኛል። የታመመችን ልጅ «አይዞሽ» ብሎ አልመከራትም። ጀልባ ሰጣት።

ቅርጹ በአማርኛ ይሄድ እንደሆነ ሞክሬ ነበር። የራሴ ነው፤ ተመልከቱልኝ።

አንድ አዛውንት ነበሩ መሰላል ወዳጅ፣
ቆመው የሚያድሩ ከጨረቃ ደጅ፤
«ይውረዱ!» ቢባሉ፣
«ሻይ ጥጃለሁ» አሉ፤
እኚያ ግራ አጋቢ መሰላል ወዳጅ።

---

ቀለም_በጥብጥ

የልጆች መጽሐፍ፣ «ሻይ ጥጃለሁ» ገደለኝ! ሥዕል እሠራለታለሁ፣ ከፈቀድሽ። መሰላሉ ምንም ነገር ላይ መደገፍ የለበትም። ማንቆርቆሪያዋ ግን የእውነት ማንቆርቆሪያ መሆን አለባት፤ እጀታዋም ክዳኗም ሳይጎድል።

---

የልጆች_መጽሐፍ

በደስታ! አዛውንቱን ትንሽ ሽመላ አስመስልልኝ።

---

የሌሊት_አንባቢ

እኔ ወደ ኑሮው ልመልሳችሁ። ስለ ገንዘብ አለማውራት አንችልም።

ሊር ራሱን የሚያየው እንደ መልክዓ ምድር ሠዓሊ ነበር። ነንሰንሱን ጎን ለጎን ነው የሚጽፈው። ወፍ መሣል የተወው ዓይኑ ስለደከመ ነው። በ1836 ለወዳጁ ሲጽፍ በቅርቡ ከሰጎን ያነሰ ወፍ አይታየኝም ብሏል። በ1837 ለጤናውም ብሎ ወደ ሮም ሄደ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝ አገር ተመልሶ ተረጋግቶ አልኖረም። ጣሊያን፣ ግሪክ፣ አልባንያ፣ ግብጽ፣ ፍልስጥኤም፣ ኮርሲካ ዞሯል። ዕድሜው 60 ካለፈ በኋላ ከ1873 እስከ 1875 ህንድንና ሲሎንን አዳርሷል። በየሄደበት ይሥላል፣ ሥዕሉ ዳር ላይ የቦታውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፋል።

በ1846 ለንግሥት ቪክቶሪያ ሥዕል አስተምሯል። ይህን ያህል ስም ያለው ሰው በ1850፣ ዕድሜው 37 ሆኖ፣ የሮያል አካዳሚ ትምህርት ቤት ተማሪ ሆኖ ገባ። ከወጣቶች ጋር ተቀምጦ የሰው አካል መሣል ሊማር። የሰው አካል መሣል አልችልም ብሎ ስለሚጨነቅ ነው። ይህ ትሕትና ልቤን ይነካዋል።

«የነንሰንስ መጽሐፍ»ን ደግሞ ለአሳታሚው በ125 ፓውንድ ሙሉ በሙሉ ሸጠው። መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ታተመ። ትርፉ የእሱ አልነበረም።

የባቡሩን ታሪክ የሰማ አለ? በ1872 መጽሐፉ መግቢያ ላይ ራሱ የጻፈው ነው። ባቡር ውስጥ አንድ ሰውዬ ለተሳፋሪዎች ሲያስረዳ ይሰማል። ኤድዋርድ ሊር የሚባል ሰው የለም ይላል። መጽሐፉን የጻፉት የዳርቢው መስፍን ናቸው፤ በእንግሊዝኛ «ሊር» (Lear) የሚለው ስም ፊደሎቹ ሲቀያየሩ «መስፍን» (Earl) ይሆናል ይላል። ሊር ተነሥቶ ባርኔጣው ውስጥ የተጻፈውን ስሙን፣ መሐረቡንና በስሙ የተላከለትን ደብዳቤ አሳያቸው። መኖሩን በዕቃዎቹ አስመሰከረ!

---

እህቷ_ነኝ

ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ፤ ዛሬ ግን ልጻፍ።

ታናሽ እህቴ የሚጥል በሽታ አለባት። የሌሊት አንባቢ ስለ ዲያሪው ምልክት የጻፈችውን ሳነብ ቆም አልኩ። እኛ ቤትም ማስታወሻ ይያዛል። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ያህል እንደቆየ። ሐኪም ስለሚጠይቅ ነው። ሊር ግን የሚያሳየው ሐኪም ኖሮ አይደለም። በዘመኑ የሚረባ መድኃኒትም አልነበረም ማለት ይቻላል። ብሮማይድ የተሞከረው ከ1857 ወዲህ ነው። ማንም ሳይጠይቀው ለ30 ዓመት መዝግቧል።

ለእኔ ይህ ሁለታችሁንም ያስታርቃል። ያ ምልክት ሐዘን ብቻ አይደለም። የበቀቀን ክንፍ የለካው ሰው የራሱንም በሽታ ለካ። ዓይኑን አላሸሸም።

ለእህቴ የፖብልን ግጥም አነበብኩላት። ፖብል የእግር ጣቶቹን በሙሉ ባሕር ውስጥ ያጣል። እንዴት እንደጠፉ ማንም አያውቅም። አክስቱ ዕንቁላል ጠብሳ ትሰጠውና ፖብል ያለ ጣት የበለጠ ደስተኛ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል ትላለች። እህቴ ሳቀችና «አክስቱ ጎበዝ ናት» አለች። ስለ በሽታ ብዙ ቡክሌት አንብባ የማታውቀው ሳቅ ነው።

---

የሌሊት_አንባቢ

እህቷ ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በሙሉ ልቤ እስማማለሁ።

---

ወንፊት_ላይ

እህቷ ነኝ፣ እኔ ለማለት የፈለግኩትን ከእኔ በተሻለ ተናገርሽው። እህትሽን ሰላም በይልን።

ስለ መጨረሻ ዘመኑ ያልተነሣ ነገር አለ። በ1871 ጣሊያን፣ ሳን ሬሞ ባሠራው ቤት መኖር ጀመረ። ከዚያ ከፊቱ ትልቅ ሆቴል ተሠራበትና የባሕሩን ብርሃን ጋረደው። ለሠዓሊ ብርሃን ማለት ሥራው ነው። እዚያው ከተማ ሌላ ቤት አሠራ፤ በቀድሞው ፕላን። በ1881 ገባበት። ፕላኑን ያልቀየረው ድመቱ ፎስ እንዳይደናገር ብሎ ነው ይባላል። ፎስን በተለያየ አቋም እየሣለ እንደ መኳንንት አርማ አድርጎታል። ወፍራም፣ ጭራው የተቆረጠ ድመት፣ በክብር ቆሞ።

አብሮት ከ1856 ጀምሮ ያገለገለው ጆርጂዮ ኮካሊ በ1883 ሞተ። ፎስ በ1887 ሞተ። ሊር ጃንዋሪ 29 ቀን 1888 አረፈ፤ 75 ዓመቱ ነበር። ቀብሩ ላይ የድሮ ወዳጆቹ መድረስ አልቻሉም። መቃብሩ ሳን ሬሞ ነው፤ አጠገቡ ለጆርጂዮ መታሰቢያ ቆሞለታል። በ1988 ዌስትሚንስተር አቢ፣ የገጣሚዎች ጥግ በሚባለው ቦታ የመታሰቢያ ድንጋይ ተደርጎለታል።

---

ጥያቄ_አለኝ

ተሸነፍኩ ማለት አልፈልግም፤ ገና አላነበብኩትም። ግን ማንበብ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

---

ቀለም_በጥብጥ

ከሥዕሎቹ። የ1861ዱን እትም ፈልግ። የመብት ዘመኑ ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ሥዕል የሌለበትን እትም እንዳታነብ፤ እለምንሃለሁ። ግማሹ ግጥም ሥዕሉ ውስጥ ነው።

---

የሌሊት_አንባቢ

ከዚያ «ጃምብሊዎቹ»ን። በወንፊት ባሕር የሚሻገሩት። ሁሉም ሰው ትሰምጣላችሁ ይላቸዋል። ከ20 ዓመት በኋላ ይመለሳሉ፤ ቁመታቸው ጨምሯል። ዶንግን ከዚያ በኋላ አንብብ፤ የወደዳት ልጅ ጃምብሊ ስለሆነች ቅደም ተከተሉን አትገልብጠው።

---

የልጆች_መጽሐፍ

እና ድምፅህን አውጥተህ አንብብ። ብቻህን ብትሆንም።

---

ጥያቄ_አለኝ

እሺ። ዛሬ ማታ በሥዕሎቹ እጀምራለሁ። የዋይትሄቨኑን ሽማግሌና ቁራውን መጀመሪያ ነው የምፈልገው።